ካር ሲቱን አውሮፕላን ውስጥ ይዤ ልግባ ወይስ በሻንጣ ይሂድ? (ከጅማ አሜሪካ፣ 2 ዓመት ሊሞላት ከተቃረበ ልጅ ጋር)

የኤልዳና እናት | ጥቅምት 9፣ ማታ 3:20

ሰላም ለዚህ ቤት። የምኖረው ጅማ ቆጪ ነው። ኅዳር 20 ልጄን ይዤ ሜሪላንድ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ባለቤቴን ሥራ ስለማይለቀው የምንሄደው እኔና እሷ ብቻ ነን። ኤልዳና 22 ወር ሊሞላት ነው፤ ባለፈው ሳምንት ስትመዘን 11 ኪሎ ሆናለች።

እህቴ ለመስቀል በመጣ ሰው ካር ሲት፣ ማለትም ልጅ መኪና ውስጥ ታስሮ የሚቀመጥበትን ወንበር፣ ላከችልኝ። መጀመሪያ ለመኪና ብቻ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን «አውሮፕላኑም ውስጥ በሱ ትቀመጥ፣ ለራሷ ወንበር ግዢላት» አለችኝ። ቲኬት ስጠይቅ በጭን ከያዝኳት የምከፍለው የእኔን ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ነው። ወንበር ከያዘች ግን የእኔን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ልዩነቱ ለእኔ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ታኅሣሥ 12 ደግሞ እዚያው እያለን 2 ዓመት ይሞላታል።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ ተቆጣች። «ልጅ ከእናቱ እቅፍ የበለጠ ምን ቦታ አለው? በፕላስቲክ ልታስሪያት ነው?» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር የእኔም ልብ ወደ እናቴ ያደላል። ካር ሲቱ ሳሎን ጥግ ተቀምጧል፤ ኤልዳና አሻንጉሊቷን ታስተኛበታለች። ይዛችሁ የበረራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ከጅማ ቦሌ በምትሄደው ትንሿ አውሮፕላን ላይ ይገባል? ማነው የሚያስረው? ደግሞስ የእውነት ያስፈልጋል ወይስ የአሜሪካ ሰዎች ፍርሃት ነው?

አባ ቢሊሱማ | ጥቅምት 9፣ ማታ 4:05

እህቴ፣ የደረሰብኝን ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ። ባለፈው ዓመት ነሐሴ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስንመለስ ልጄ 19 ወሩ ነበር። ጭኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ጊቤን ተሻግረን ይሆናል ብዬ ሳስብ ደመና ውስጥ ገባን። ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት በርቷል፣ እኔ ታስሬያለሁ፣ ልጁን በሁለት እጄ ወገቡ ላይ ይዤዋለሁ። አውሮፕላኑ አንዴ ዘጭ ሲል ልጁ ከእጄ ወጣ። ግንባሩ የወንበሩን ክንድ መደገፊያ መታና ተመልሶ እግሬ ስር ወደቀ።

እኔ የቡና መጋዘን ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። 60 ኪሎ ጆንያ ከመሬት አንስቼ ትከሻዬ ላይ የማደርግ ነኝ። 10 ኪሎ የማይሞላ የገዛ ልጄን ግን መያዝ አልቻልኩም። ማንም አላጠፋም፤ ቀድመው አስጠንቅቀውናል፣ የአየሩ ነገር ነው። አልሃምዱሊላህ እብጠት ብቻ ሆኖ ቀረ። እናቱ ግን ያን እብጠት ስታይ ዓይኔን ያየችበትን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ገንዘቡ ካለሽ ወንበር ግዢላት።

መምህር ዘፊዚክስ | ጥቅምት 10፣ ጠዋት 1:15

አባ ቢሊሱማ የነገሩን የጡንቻ ጉዳይ አይደለም። አውሮፕላን በድንገት ሲወድቅ፣ ወይም መንደርደሪያ ላይ በኃይል ሲቆም፣ የልጁ አካል በያዘው ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል። የፍጥነቱ ለውጥ የመሬትን ስበት 4 እጥፍ ቢሆን 11 ኪሎዋ ኤልዳና በእጅሽ ላይ 44 ኪሎ ትሆናለች፣ ያውም በቅጽበት። እጅ «ያዝ» የሚለው ትእዛዝ ከአንጎል እስኪደርሰው ድረስ ነገሩ አልቋል። ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎቼ ይህን ሳስተምር ውኃ የሞላ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን አስታቅፋቸውና የተቀመጡበትን ባለጎማ ወንበር ገፍቼ ድንገት አቆመዋለሁ። ጀሪካኑን ይዞ የቀረ ተማሪ እስካሁን አላየሁም።

እትዬ አስካለ | ጥቅምት 10፣ ጠዋት 3:40

ልጄ፣ እናትሽን አትቀየሚ፣ ከፍቅር ነው። እኔ አምስት ልጅ በአንቀልባ ነው ያሳደግሁት። ከጅማ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ስንሄድ የጊቤን ቁልቁለት ልጅ ደረቴ ላይ አስሬ ነው የወረድኩት፣ ማርያም ጠበቀችኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። አንቀልባው አጥብቆ የሚይዝ ነገር ነው። ልጅቷን በሱ ከደረቷ ጋር ብታስራት አይበቃም? ለወንበሩ የምታወጣውን ገንዘብ ለሌላ ታደርገው ነበር ብዬ ነው።

ካቢን የነበረች | ጥቅምት 10፣ ከሰዓት 8:30

እትዬ አስካለ፣ ጥያቄዎ ትልቅ ጥያቄ ነው፤ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ሳለሁ ስንት እናት ጠይቃኛለች። አንቀልባም ሆነ ከሱቅ የሚገዛው የጨርቅ ማዘያ በጉዞው መሃል አየሩ ሲረጋጋ እጅ ያሳርፋል፣ ልጅም ያስተኛል። ስንነሳና ስናርፍ ግን አይፈቀድም። እናት ወደ ፊት ስትወረወር ልጁ በእሷ ክብደትና በፊት ለፊቷ ባለው ወንበር መካከል ይገኛል። አንቀልባው አጥብቆ በያዘው ቁጥር ልጁ ለእናቱ ትራስ ይሆናል። ይህን መስማት ይከብዳል፣ አውቃለሁ። ልጅን በእናቱ ቀበቶ ውስጥ ጨምሮ ማሰርም በዚሁ ምክንያት የተከለከለ ነው።

የኤልዳና እናት፣ አሁን ወደ አንቺ። ዓመታት በካቢን ሠርቼ ወደ አገሬ ጅማ ተመልሻለሁ፤ የማውቀውን ልጻፍልሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

አንደኛ፣ ካር ሲቱን አሁኑኑ ገልብጠሽ እዪው። ከአሜሪካ የተገዛ ከሆነ ጎኑ ወይም ከስሩ ተለጣፊ ጽሑፍ አለው። በቀይ ቀለም፣ ለመኪናም ለአውሮፕላንም እንደተፈቀደ የሚል ዓረፍተ ነገር ፈልጊ። እሱ ከሌለ ማንም አስተናጋጅ እምቢ ቢልሽ አትፍረጂባት። ከአውሮፓ የሚመጡት ብዙዎቹ በመኪናው ባለ 3 ነጥብ ቀበቶ ወይም አይሶፊክስ በሚሉት የብረት መያዣ ብቻ የሚታሰሩ ናቸው። አውሮፕላን ላይ አይሶፊክስ የለም፤ ያለው ወገብ ላይ የሚያልፍ ባለ 2 ነጥብ ቀበቶ ብቻ ነው። በዚያ ብቻ መታሰር የማይችል ካር ሲት አውሮፕላን ውስጥ ሸክም ነው። ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጠው፣ የራሱ ማሰሪያ የሌለው መደላድልም ስንነሳና ስናርፍ አይፈቀድም።

ሁለተኛ፣ ስፋቱን በሜትር ለኪው። ከ40 ሴንቲ ሜትር ካልበለጠ በአብዛኛዎቹ የአውሮፕላን ወንበሮች ላይ ይገባል። ወደ ጅማ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ነው፤ ወንበሮቹ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ናቸው። ካር ሲት የሚቀመጠው መስኮቱ ጋ ነው፣ ሰው ለመውጣት ሲሞክር መንገድ እንዳይዘጋ። የአደጋ መውጫው ረድፍ ላይ፣ ከሱ ፊትና ኋላ ባሉት ረድፎችም አይሆንም። ስለዚህ ወንበር ስትመርጪ «ካር ሲት እይዛለሁ» ብለሽ አስመዝግቢ፤ ኤርፖርት ደርሰሽ ከምትከራከሪ አስቀድመሽ ደውለሽ ብትጨርሺው ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ማን ያስረዋል ላልሽው፣ አንቺ ነሽ። አስተናጋጅ ታግዝሻለች፣ የእያንዳንዱን ካር ሲት አሠራር ግን አታውቅም። የቀበቶው ማለፊያ ጎኑ ላይ በምልክት ተጽፏል። ቀበቶውን አሳልፊ፣ ጉልበትሽን ካር ሲቱ ላይ አስደግፈሽ በክብደትሽ ተጫኚው፣ ከዚያ የቀበቶውን ጫፍ ሳቢ። ቀበቶው ያለፈበት ቦታ ላይ ይዘሽ ስትነቀንቂው ከ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር በላይ ካልተንቀሳቀሰ ታስሯል። የአውሮፕላኑ ዘለበት ከልጅቷ ጀርባ ስር እንዳይውል ተጠንቀቂ፤ ይቆረቁራታል፣ ለመፍታትም ያስቸግርሻል።

ሚኪ አጂፕ | ጥቅምት 10፣ ማታ 1:50

ከልቤ ነው የምጠይቀው፣ ለመቃወም አይደለም። እዚህ ጅማ ልጆቻችንን ጠዋት ማታ በባጃጅ ነው የምናመላልሰው፣ ጭናችን ላይ አድርገን። በር የለው፣ ቀበቶ የለው። ከመርካቶ ፈረንጅ አራዳ ስንሄድ ስንት ጊዜ ልንገለበጥ ደርሰናል። አውሮፕላን ከዚህ ሁሉ የተሻለ አይደለም እንዴ? አንድ እናት ያን ሁሉ ብር ለ1 ወንበር ከምታወጣ ጭኗ ላይ ይዛት ብትሄድ ኃጢአት ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ጥቅምት 10፣ ማታ 5:30

ሚኪ ወንድሜ፣ አንተ ያነሳኸውን ነገር የአሜሪካ መንግሥት ራሱ ሲከራከርበት ኖሯል። እኔ የጅማ ልጅ ነኝ፣ ቦሳ አዲስ ነው ያደግሁት፣ አሁን እዚህ ከመጣሁ ቆይቻለሁ። ሁለት ልጆች ይዤ ስመላለስ ይህን ታሪክ ያነበብኩት በራሴ ጭንቀት ነው።

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 1989 ከዴንቨር ወደ ቺካጎ ይበር የነበረ የዩናይትድ አውሮፕላን ሞተሩ ተሰባብሮ መቆጣጠሪያው ሁሉ ጠፋበት፤ አዮዋ ውስጥ ሱ ሲቲ በአደጋ አረፈ። በጭን የተያዙ አራት ሕፃናት ነበሩ። በጊዜው በነበረው መመሪያ መሠረት ለወላጆቹ የተነገራቸው ልጆቹን እግራቸው ስር ወለሉ ላይ አስተኝተው እንዲይዙ ነበር። ከአራቱ አንዱ፣ ገና 2 ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ሞተ። የዚያ በረራ ዋና አስተናጋጅ ጃን ብራውን ነበረች። ትእዛዙን ለወላጆቹ ያስተላለፈችው እሷ ናት፤ ከስብርባሪው ስትወጣ ልጇን ልትፈልግ ወደ ውስጥ ከምትመለሰው እናት ጋር ፊት ለፊት ተገናኘች። ከዚያ በኋላ ሕፃናት ሁሉ በአውሮፕላን ውስጥ በራሳቸው መቀመጫ ይታሰሩ እያለች ዓመታት ሙሉ ስትሟገት ኖረች። የአደጋ መርማሪው ቦርድም በተደጋጋሚ ይህንኑ ጠይቋል።

ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር አላስገድድም ብሎ ወሰነ። ምክንያቱ ሚኪ ከጻፍከው ጋር አንድ ነው። ቤተሰቦች ለሕፃን ትኬት ግዙ ከተባሉ አንዳንዶቹ አውሮፕላኑን ትተው በመኪና ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ ደግሞ ከአየር ይልቅ ብዙ ሰው ይሞታል። ስለዚህ ሕጉ በጭን ይፈቅዳል፣ ያው መሥሪያ ቤት ግን ወላጆችን «በመቀመጫ እሰሯቸው» ብሎ አጥብቆ ይመክራል። የሕፃናት ሐኪሞቻቸው ማኅበርም እስከ 18 ኪሎ ገደማ በካር ሲት ይታሰሩ ይላል።

ከዚህ የምረዳው ይህ ነው። ምርጫሽ በአውሮፕላን ጭንሽ ላይ ወይም በጊቤ መንገድ በሚኒባስ ከሆነ፣ ጭንሽ ላይ ይዘሻት ብረሪ፤ ማንም አይፍረድብሽ። ወንበሩን መግዛት የምትችዪ ከሆነ ግን ግዢው።

ሚኪ አጂፕ | ጥቅምት 11፣ ጠዋት 12:50

ገባኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያ ወለሉ ላይ አስተኙ የሚለው ሌሊቱን ሙሉ ከፊቴ አልጠፋ አለ። እኔም የ14 ወር ልጅ አለኝ።

ጅሬን እንጨት ሥራ | ጥቅምት 11፣ ቀን 6:20

ጤና ይስጥልኝ። እኔ በርጩማና ወንበር ነው የምሠራው። አባቴም አያቴም የጅማን ባለሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ሲፈለፍሉ ኖረዋል። ካር ሲት በውድ ዋጋ ለማይገዛ ሰው እኔ ከዋንዛ ጠንካራ የልጅ ወንበር፣ ከቆዳ ማሰሪያ ጋር አድርጌ ብሠራስ? በዋጋ አልጎዳም። ልኩን የሚሰጠኝ ሰው ካለ ነገውኑ እጀምራለሁ።

ካቢን የነበረች | ጥቅምት 11፣ ከሰዓት 10:00

ወንድሜ፣ ሥራህን አውቀዋለሁ፤ ቤቴ ያለው በርጩማ ካንተ ሰፈር የወጣ ነው። ይህን ግን አትሥራው፤ ለልጆቹ ስል ነው የምለምንህ። ጥንካሬ ብቻ አይደለም የሚፈለገው። ያ ቀይ ጽሑፍ ያለው ካር ሲት የልጅ አካል የሚመስል አሻንጉሊት ታስሮበት በፍጥነት እየተነዳ ድንገት ይቆማል፤ ለአውሮፕላን ደግሞ ሽቅብ ቁልቁል ተገልብጦ አሻንጉሊቱ ከውስጡ እንዳይወጣ ይፈተሻል። ፕላስቲኩና ፎሙ የተሠሩት ምቱን ራሳቸው ውጠው ልጁን እንዲያተርፉ ነው። ዋንዛ አይውጥም፤ ዋንዛ ለልጁ ጭንቅላት ሌላ ግድግዳ ነው። ጽሑፉ የሌለውን ነገር ደግሞ አውሮፕላን ላይ አያስገቡትም።

እንደውም አንድ የምትሠራው ነገር አለ። የኤልዳና እናት ብቻዋን ናት፤ ልጅ፣ ቦርሳና ያን ግዙፍ ካር ሲት ይዛ ቦሌን ከጫፍ ጫፍ ልታቋርጥ ነው። ካር ሲቱን ጭና የምትጎትተው ባለ ጎማ ጣውላ ብትሠራላት?

ጅሬን እንጨት ሥራ | ጥቅምት 11፣ ከሰዓት 10:25

እሺ እናቴ፣ ተረድቻለሁ። ወንበሩን ተውኩት። ጣውላውን በነጻ እሠራላታለሁ። በኩሽኔታ ሳይሆን በጎማ፣ እንዳይንኳኳ። የካር ሲቱን የታች ልክ ትላክልኝ።

የኤልዳና እናት | ጥቅምት 12፣ ማታ 2:40

ምን ብዬ እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። ትናንት ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ካር ሲቱን ሳሎን ወለል ላይ ገለበጥኩት። ከጨርቁ ስር የቆሎ ፍሬና ግማሽ የተበላ ብስኩት ወጣ፤ ኤልዳና አሻንጉሊቷን ታበላ ነበር ማለት ነው። ጎኑ ላይ ግን በቀይ ተጽፎ አገኘሁት። ስልኬን አብርቼ ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ስፋቱ 38 ሴንቲ ሜትር ነው።

ወንበር እንግዛላት ብለን ወስነናል። ቲኬት ቢሮ ስጠይቅ ሌላም ነገር ሰማሁ፤ ስትመለስ 2 ዓመት ስለሚሞላት የመመለሻው ወንበር የግድ ነው። ስለዚህ የእኔ ውሳኔ ለካ ለመሄጃው ብቻ ነበር። ለዚህ ሁለት ጥጃዬን ልሸጥ ነው ብሎ አባቴ ከሰቃ ደወለ። አልቅሼ «አይሆንም» አልኩት፣ ከቡናችን እንከፍላለን።

ጥያቄዬ ስለ ልጅቷ ጠባይ ነው። ከ15 ሰዓት በላይ ታስራ እንዴት ትቀመጣለች?

ነርስ ከጅማ | ጥቅምት 13፣ ጠዋት 2:10

ከዛሬ ጀምሮ በየቀኑ አስቀምጫት። ምሳዋን እዚያ ትብላ፣ ተረት እዚያ ንገሪያት። የራሷ ቦታ መሆኑን የለመደች ልጅ አውሮፕላን ላይ ስታየው የቤት ዕቃ ያገኘች ይመስላታል። 15 ሰዓቱን ሙሉ ደግሞ አትታሰርም፤ ቀበቶ እሰሩ የሚለው መብራት ሲጠፋ አውጥተሽ አንሸራሽሪያት።

አለባበሷ ላይ ተጠንቀቂ። ኅዳር መጨረሻ እዚያ ብርድ ነው ብለሽ ወፍራም ጃኬት አልብሰሽ እንዳታስሪያት። የጃኬቱ ጥጥ ሲጨመቅ ማሰሪያው ላላ ማለት ነው። በስስ ልብስ እሰሪያትና ጋቢውን ከማሰሪያው በላይ ጣል አድርጊላት። ትከሻዋ ላይ ያለውን ማሰሪያ በጣቶችሽ ለመቆንጠጥ ሞክሪ፤ የሚቆነጠጥ ትርፍ ካለ ጠበቅ አድርጊ። ደረቷ ላይ ያለው መቆለፊያ ብብቷ ትይዩ ይሁን፣ ሆዷ ላይ አይውረድ።

ጆሮዋን ለማረፍ መውረድ ስትጀምሩ ነው የሚያማት፤ ያን ጊዜ የምትጠጣው ነገር ስጪያት። ጡት የምታጠቢያት ከሆነ ቀድመሽ፣ ቀበቶ እሰሩ ሳይባል አጥቢያትና ከዚያ በጡጦ ወይም በስትሮ ይተካ። እያለቀሰች ለማጥባት ብለሽ ፈትተሽ እንዳታወጫት፤ እናቶች ልጅ የሚፈቱት ልክ በክፉው ሰዓት ነው።

አባ ቢሊሱማ | ጥቅምት 13፣ ቀን 5:00

እኔ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ገዝቻለሁ፤ ካር ሲቱ ለከበደው ሰው ይጠቅማል። ኬርስ ይሉታል፤ የጨርቅ ማሰሪያ ነው፣ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው፣ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። የወንበሩን ጀርባ ዞሮ ከአውሮፕላኑ ቀበቶ ጋር ይያያዝና የልጁን ሁለት ትከሻ ይይዛል። ከ10 እስከ 20 ኪሎ፣ ቁመቱ እስከ 1 ሜትር ለሆነ፣ በራሱ ወንበር ለሚቀመጥ ልጅ ነው። መኪና ላይ ግን አይሠራም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ | ጥቅምት 13፣ ማታ 4:15

ልክ ነው፣ ግን ለኤልዳና እናት ካር ሲቱ ይሻላታል። ደለስ ኤርፖርት ወርዳ መኪና ውስጥ ስትገባ ያስፈልጋታል፤ እዚህ በሁሉም ክፍለ ግዛት ሕግ ነው። ሻንጣ ክፍል ከተጣለ ደግሞ ከሻንጣ ስር ተጨፍልቆ ውስጡ ቢሰነጠቅ በዓይን አይታይም። ካጠገብሽ ሲሆን ምን እንደደረሰበት ታውቂያለሽ።

የኤልዳና እናት | ጥር 6፣ ማታ 3:00

ተመለስን። ለጥምቀት ደረስን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ቃል በገባሁት መሠረት የሆነውን ልጻፍ።

ከጅማ ስንነሳ ወንድሜ የጅሬኑን ጣውላ እየጎተተ እስከ ፍተሻው ሸኘን። የአውሮፕላኑን ደረጃ ስወጣ ግን ካር ሲቱን ከኋላዬ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ሳልጠይቃቸው ተሸከሙልኝ። አስተናጋጇ ቀዩን ጽሑፍ አሳዪኝ አለች፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችውና መስኮቱ ጋ አስቀመጠችኝ። ጉልበቴን አስደግፌ ቀበቶውን ስስበው ላቤ ጠብ አለ። ነቀነቅሁት፣ አልተነቃነቀም። ኤልዳና «የኔ ወንበር!» ብላ ገብታ ተቀመጠች። አዲስ አበባ እስክንደርስ በመስኮት ፕሮፔለሩን ስታይ አንዴ አላለቀሰችም።

ረጅሙ በረራ ላይ ያልጠበቅሁት ችግር እግሯ ነበር። ካር ሲቱ ከፍ ስለሚያደርጋት ፊት ለፊት ያለውን ወንበር ትመታለች። የተቀመጡት ሴት ሁለቴ ዞረው አዩኝ። ጫማዋን አውልቄ፣ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ ከዚያ በኋላ አጫወቷት።

ሌሊት ላይ፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ፣ አየሩ ተናወጠ። አስተናጋጆቹ ጋሪውን እየሮጡ መለሱ። ከበስተኋላችን አንዲት እናት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ጭምቅ አድርጋ «ኢየሱስ ኢየሱስ» ስትል እሰማለሁ። እኔ እጄን ኤልዳና ማሰሪያ ላይ አሳረፍኩት። ጋቢው ስር ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። አውሮፕላኑ ሲዘል እሷም ከወንበሩ ጋር አብራ ትዘላለች እንጂ አትለይም። እንቅልፏን አልተወችም። ያን ጊዜ አባ ቢሊሱማን አሰብኳቸው። ያቺን እናት ደግሞ እስካሁን አስባታለሁ፤ የካቢኑ መብራት ሲበራ ሕፃኑን አቅፌላት ሽንት ቤት ደርሳ መጣች።

በመመለሻው አንድ ኤርፖርት ላይ ቼክ ኢን የሚያደርገው ሰው «ይህ ወደ ሻንጣ ነው የሚሄደው» ብሎ ታግ ሊያደርግበት ነበር። ቲኬቷን አሳየሁት፣ ጽሑፉን አሳየሁት፣ አይሆንም አለኝ። ድምፄን ሳላነሳ ኃላፊ ይጠራልኝ አልኩ። ኃላፊዋ መጥታ አንብባ አሳለፈችን። ካቢን የነበረች፣ «አስመዝግቢ» ያልሽው እዚያ ጠቀመኝ፤ ቲኬቱ ላይ ተጽፎ ነበር።

ጅማ ስንደርስ በለመድኩት ባጃጅ ልግባ ብዬ ቆሜ አሰብኩና አልቻልኩም። ባለቤቴ የጎረቤት መኪና ለምኖ መጣ፣ የኋላውን ወንበር ቀበቶ ከትራሱ ስር ፈልገን አወጣነው፤ አቧራ የጠጣ፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ ነው። እናቴ ከፊት ተቀምጣ ስታይ ቆይታ፣ ኤልዳና እንቅልፍ ሲወስዳት ጋቢዋን አውልቃ ከማሰሪያው በላይ ደረበችላት። እናቴ አላዘዝኳትም፣ ከማሰሪያው በላይ ነው ያደረገችው።

እትዬ አስካለ | ጥር 6፣ ማታ 3:30

እልልል! እንኳን በደህና መጣችሁ። እናትሽን ሳሚልኝ።

ሚኪ አጂፕ | ጥር 7፣ ጠዋት 1:40

እንኳን ደህና መጣሽ። እኛ ለፋሲካ ልጁን ይዘን በአውሮፕላን አዲስ አበባ እንሄዳለን፤ ወንበር ገዝተንለታል። ካር ሲት ግን እዚህ ማግኘት አልቻልኩም። የአንቺን ታውሺኛለሽ? አሁን 10 ኪሎ ሆኗል።

የኤልዳና እናት | ጥር 7፣ ቀን 6:15

ደስ ብሎኝ! ጣውላውንም ጨምሬ። ቆጪ ነኝ፣ በውስጥ መልእክት አድራሻ እልክልሃለሁ።

ካቢን የነበረች | ጥር 7፣ ቀን 7:00

ሚኪ፣ ከመውሰድህ በፊት ሁለት ነገር ጠይቃት። ከስሩ የተጻፈው የማብቂያ ዓመት አልፏል ወይ፣ የመኪና አደጋ ውስጥ ገብቶስ ያውቃል ወይ። የማታውቁት ሰው ካር ሲት ቢሆን አትውሰድ እልህ ነበር።

የኤልዳና እናት | ጥር 7፣ ማታ 1:20

አሁን ገልብጬ አየሁት። ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል፣ አደጋም አይቶ አያውቅም። ብስኩቱንም ጠርጌዋለሁ። ሚኪ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ና፤ ልጁንም ይዘኸው ና፣ የትከሻውን ማሰሪያ ለሱ ቁመት አብረን እናስተካክለዋለን።